የ10 ሳምንት ልጅ ይዤ ብቻዬን ከዲሲ አዲስ አበባ፦ ምን ልያዝ? ምን ልተው?

አዲሷ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም እህቶቼ። ወንድሞችም ካላችሁ ሰላም።

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 6 ሳምንት ሞላኝ። ሴት ናት። ክርስትናዋን በ80 ቀኗ አዲስ አበባ፣ እኔ ራሴ በተነሳሁበት ቤተክርስቲያን ልናስነሳት ወስነናል። ወስነናል ስል የወሰነችው እናቴ ናት። ድንኳኑ ሳይቀር ታዟል።

ባለቤቴ ከሥራ ያገኘው ፈቃድ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ የሚደርሰው ለክርስትናው ዋዜማ ነው። እኔና ልጄ በ74ኛ ቀኗ ቀድመን እንሄዳለን። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ከዲሲው ደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ ቀጥታ፣ 13 ሰዓት ገደማ። ጭኔ ላይ ሆና ነው የምትሄደው። ለሷ የከፈልነው የኔን ዋጋ 10 በመቶ ያህልና ታክሱን ነው።

ፓስፖርቷ ትናንት በፖስታ መጣ። ፎቶዋን ያነሳናት በ12 ቀኗ ነጭ አንሶላ ላይ አስተኝተን ነው። አንዱ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ሌላው ገና እያሰበበት ነው። 5 ዓመት በዚህ ፎቶ ልትኖር ነው እንግዲህ። እኔ ሲትዝን አይደለሁም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርቴና በግሪን ካርዴ ነው የምመላለሰው። ስለዚህ ቦሌ ላይ አልቸገርም፣ እሷም ከኔ ጋር ትገባለች።

ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። ጆሮዋን ያማታል ይሉኛል። 13 ሰዓት ሙሉ ብታለቅስስ? ጡት ነው የምትጠባው፤ ማታ ማታ አባቷ የታለበ ወተት በጡጦ ይሰጣታል። እሱን ይዤ በፍተሻ ማለፍ እችላለሁ? ደግሞ ይህን ለማንም አልጠየቅኩም፣ አፍሬ፦ ሽንት ቤት ስሄድ ማን ይይዝልኛል?

የመጨረሻው፦ እስካሁን 5 ሰው «ትንሽ ዕቃ አድርሺልኝ» ብሎ ደውሏል። እምቢ ማለት አልችልበትም።


እማ ሁለት (አሌክሳንድሪያ)

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽንም ታሳድግልሽ።

ስለ ጆሮ ከማውራታችን በፊት እስቲ ቁጭ በይ። ልጅሽ ቪዛ ያስፈልጋታል።

አዎ፣ ያቺ 5 ኪሎ የማትሞላው ልጅ። አንቺ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ትገቢያለሽ። እሷ ግን የያዘችው የአሜሪካ ነው፤ ለኢሚግሬሽን የውጭ ዜጋ ናት። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይቻላል፣ እሱን ግን ሰከን ስትዪ ታወጪላታለሽ። አሁን ኢ-ቪዛ ሙዪላት። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ብቻ፤ መሀል ገብተው እጥፍ የሚያስከፍሉ አስመሳይ ገጾች ሞልተዋል። ስሟን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ። ከዚያ በወረቀት አትሚው። ስልክ የሚዘጋው ሁልጊዜ ልጅ ስታለቅስ ነው። የራስሽም ፓስፖርት ስንት ወር እንደቀረው ተመልከቺ።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ። እኛ ስናገባ ስም አንቀይርም። የልጅሽ ፓስፖርት ላይ ያለው የሷ ስም፣ የአባቷና የአያቷ ነው። ያንቺ ስም የትም የለም። እኔ አንድ ኤርፖርት ላይ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ «ይህች ልጅ ያንቺ ናት?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። በዚያች ደቂቃ ጡቴን እየጠባች ነበር። የልደት ሰርተፊኬቷን ዋናውንና ኮፒውን ያዢ። ባለቤትሽ ደግሞ «ልጄ ከእናቷ ጋር እንድትጓዝ ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ ገጽ ጽፎ ኖተሪ ያስመታበት። ብዙ ባንኮች ለደንበኛቸው በነፃ ያደርጉታል። ምናልባት ማንም አይጠይቅሽም። ቢጠይቅሽ ግን ሌላ መልስ የለሽም።

አሁን ወደ «ትንሽ ዕቃ»ው።

የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ስሄድ 3 ወሯ ነበር። እምቢ ማለት እኔም አልችልበትም ነበር። የ4 ሰው ዕቃ ተቀበልኩ። ሻንጣዎቹ 23 ኪሏቸውን ሲሞሉ የተረፈው ወደ እጅ ቦርሳዬ ገባ፤ ቫይታሚን፣ ሁለት ስልክ ከነካርቶኑ፣ እና ቁጥር 44 የወንድ ስኒከር። የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ የጓደኛዬ ጓደኛ ወንድም ነው።

ከተነሳን 2 ሰዓት ያህል ሆኖናል። ልጄ ተጸዳዳች። እንዲህ ስል ቀላል አይምሰልሽ፤ በጀርባዋ በኩል እስከ አንገቷ። በግራ እጄ ከሰውነቴ አርቄ ይዣታለሁ። ዳይፐሩ ቦርሳው ሥር ነው። በቀኝ እጄ ብቻ ከመተላለፊያው ላይ ተንበርክኬ ዕቃውን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ቫይታሚን። ካርቶን። ካርቶን። አንድ እግር ስኒከር። ሌላውን እግር ሳወጣው አጠገቤ ያሉ አባት እግር ላይ ወደቀ። አንስተው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ለሷ ትንሽ አይሰፋትም?» አሉኝ። እዚያው በለቅሶና በሳቅ መሀል ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ሕጌም አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱም እጄ ባዶ ይሁን። የሰው ዕቃ የለም። የሚጎተት ሻንጣ የለም። አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ ልጅ ደረቴ ላይ በማዘያ። እምቢ ማለት ካቃተሽ ባልሽን ሰበብ አድርጊ። «እሱ ኋላ ይመጣል፣ ለሱ ስጡት» በዪ። ባል አንዳንዴ ይጠቅማል።

የቦርሳው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ዚፕሎክ ውስጥ አንድ ዳይፐር፣ ትንሽ ዋይፕስ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና አንድ ፌስታል። እንደዚህ አድርገሽ 6 አዘጋጂ። አንዷን ብቻ መዘዝ አድርገሽ ትሄጃለሽ፣ የቆሸሸው በዚያው ፌስታል ታስሮ ይመለሳል። የቀረው ዳይፐር ለብቻው። በየ2 ሰዓቱ አንድ ብለሽ አስቢ፣ ከቤትሽ በር እስከ እናትሽ በር 20 ሰዓት አይቀርልሽም፣ በረራ ከዘገየ ደግሞ የግማሽ ቀን ጨምሪ። እኔ 20 ያህል እይዛለሁ። እናትሽ ቤት ስትደርሺ ዳይፐር አዲስ አበባም አለ፤ ግማሽ ሻንጣ አትሙዪበት።

ወተቱን አትፍሪ። የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ለጨቅላ ወተት አይሠራም፣ የታለበም ሆነ ፎርሙላ። ማቀዝቀዣ በረዶውም ይፈቀዳል። ከቦርሳ አውጥተሽ ለብቻ አስቀምጪና «የሕፃን ወተት ነው» በያቸው። ሊመረምሩት ይችላሉ፣ ያ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀደም ብለሽ ሂጂ። ግን አንቺ ጡት የምታጠቢ ከሆነ ለምን ትደክሚያለሽ? አንድ ጡጦ ለመጠባበቂያ ይበቃል። የታለበ ወተት ካለ በረዶ 4 ሰዓት ነው ዕድሜው። ጡትሽ ግን ቦርሳ ውስጥ አይረሳም።


ሆስተስ ነበርኩ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። 9 ዓመት በርሬአለሁ፣ አሁን በቃኝ ብዬ ቁጭ ብያለሁ። እማ ሁለት የጨረሰችውን አልደግምም።

ባሲኔት፣ ማለትም የአውሮፕላኑን የሕፃን አልጋ፣ ጠይቀሻል? ካልጠየቅሽ ዛሬውኑ ደውዪ። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ያለው ወንበር ጋ፣ ግድግዳው ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ የክብደትና የርዝመት ገደብም አለው። የ10 ሳምንት ልጅ በደንብ ትተኛበታለች። ስትደውዪ ያነጋገርሽውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ፤ ከመብረርሽ 3 ቀን በፊት ደግመሽ አረጋግጪ። «ስልክ ላይ ተነግሮኝ ነበር» እያሉ በር ላይ የሚያለቅሱ እናቶች ብዙ አይቻለሁ።

ባሲኔቱ የሚሰቀለው ከተነሳን በኋላ የቀበቶው መብራት ሲጠፋ ነው። አየሩ ሲናወጥ መብራቱ ይበራል፣ ያኔ ተኝታም ቢሆን ማንሳት ግድ ነው። እናቶች በዚህ ይናደዱብናል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ጋሪያችን ከወለሉ ተነስቶ ሲያርፍ ስላየሁ አልከራከርም። ስንነሳና ስናርፍም ማዘያ ውስጥ አትሁን። ትንሽ ቀበቶ ይሰጥሻል፣ ከራስሽ ቀበቶ ጋር ይያያዛል።

ከጓደኛሽ ጋር ሁለታችሁም ሕፃን ይዛችሁ አንድ ረድፍ ላይ ልትቀመጡ ብታስቡ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ክፋት አይደለም። በየረድፉ ያለው ትርፍ የኦክስጅን ጭንብል የተቆጠረ ነው።

ጆሮ። ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ጆሮ የሚያመው በብዛት ስንወርድ ነው፣ ስንወጣ አይደለም። አየሩ ወደ ጆሮ ውስጥ ተመልሶ መግባት ሲያቅተው ነው የሚያመው። መጥባትና መዋጥ ቱቦውን ይከፍተዋል። ጡት፣ ጡጦ ወይም የእንጀራ እናት የምንላት የጎማ ጡት፣ ያለሽን ስጫት። ግን ተኝታ ከሆነ አትቀስቅሻት። ሰላማዊ እንቅልፍ ላይ ያለች ልጅ ጆሮዋ አላመማትም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ መስመር በሚበሩት በነቦይንግ 787 እና ኤርባስ 350 ጓዳ፣ ማለትም ሰው የሚቀመጥበት ክፍል፣ ውስጥ ያለው አየር ግን ቢበዛ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደቆምሽ ያህል ነው የሚደረገው። ስለዚህ ቦሌ ስታርፊ ጓዳው ከነበረበት ብዙም አይወርድም። እንደውም ትንሽ ከፍ ይላል። ለጆሮ ቀላል ነው። የሚከብደው የመልሱ ነው፣ ደለስ ስታርፊ፤ እሱ ከባሕር ጠለል ብዙ አይርቅም። ጡትሽን ለመልሱ አቆዪው።

መልሱ ደግሞ ይረዝማል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላኑ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶና ሰው ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ ወርዶ ይሞላል። ሁለት መነሳት፣ ሁለት ማረፍ። ዳይፐሩን ለዚያ አስቢ።

የመጠጥ ውሃ ከሽንት ቤት ቧንቧ አትቅጂ፣ የታሸገ ጠይቂን። ጡጦ ማሞቅ ከፈለግሽ ፍል ውሃ በኩባያ እንሰጥሻለን፣ ጡጦውን ውስጡ አቁሚው። የኛ ውሃ ከምታስቢው በላይ ይፋጃል፣ እጅሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪ። ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ ያለው ሁሉም ሽንት ቤት አይደለም፤ በሩ ላይ ምልክቱን እዪ፣ ወይም እኛን ጠይቂ።

ስለ ሽንት ቤትሽ አታፍሪ። በአዲስ አበባ በረራ ላይ ልጅ የሚይዝላት ሰው ያጣች እናት አላየሁም። የሚያስቸግረው ልጁን ማስመለስ ነው።


አዲሷ እናት

ቪዛውን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው ማመልከቻውን ሞላሁ። እማ ሁለት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባሲኔቱንም ደወልኩ፤ ያነጋገርኳት ልጅ ስሟን ስጠይቃት ደነገጠች፣ ልከሳት መስሏት።

አንድ ነገር ቀረኝ። የባለቤቴ አክስት «የጉንፋን ሽሮፕ ግማሽ ማንኪያ ስጫት፣ አዲስ አበባ እስክትደርሺ አትነቃም» ብለውኛል። የራሳቸውን ልጆች እንዲህ ነው ያመላለሱት። ደጋግመው ስለነገሩኝ ልቤ ወላወለ። እውነት ለመናገር 13 ሰዓት ሳስበው ማንኪያው ያጓጓኛል።


አባ ዳይፐር (ዱባይ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኛ ከዱባይ ያለን 4 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ካንቺ ጋር አልወዳደርም። ግን አንድ ነገር ላክል፣ ለባሎች ጭምር ነው።

ሁሉም ለልጁ ቅያሪ ይይዛል። ለራሱ የሚይዝ የለም። እኔ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ ላሳይ ስሄድ አዲስ ነጭ የሐበሻ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ቦሌ ላይ 11 ሰው ከነአበባው ይጠብቀናል። ልንወርድ 20 ደቂቃ ሲቀረን ልጄ ወተቱን በሙሉ ትከሻዬ ላይ መለሰው። እናቴ ስታቅፈኝ መጀመሪያ ያለችው «ልጄ፣ ምን ሸተትክ?» ነው። በክርስትናው ቪዲዮ ላይ ዘመዶቼ አሁንም ያነሱታል። ለራስሽ አንድ ካናቴራ ያዢ። ጥቁር።

እዚህ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የወለዳችሁ ደግሞ፦ የልጁን ወረቀት አስቀድማችሁ ጀምሩ። የሆስፒታሉ ወረቀት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ኤምባሲ። ትኬት ቆርጠው ወረቀት የሚለምኑ ሰዎች አውቃለሁ። ወረቀት ይቅደም።


እማ ሁለት

አባ ዳይፐር፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አዲሷ እናት፦ ሽሮፑን አትስጪ። የባለቤትሽን አክስት አከብራለሁ፣ ልጆቻቸውም በሰላም አድገው ይሆናል። ግን የጉንፋን ሽሮፕ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም፤ ለ10 ሳምንት ልጅማ ትንፋሿን ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ አንዳንዱ ልጅ በዚያ መድኃኒት ጭራሽ ይነቃል። ከመተኛት ይልቅ ሲወራጭ ያድራል። ምን ልትይ ነው ያኔ?

በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። የ10 ሳምንት ልጅ ሌሊትና ቀን ገና አልለየላትም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ትነቃለች። የሚያስቸግረው የ14 ወር ልጅ ነው፤ እሱ መራመድ ይፈልጋል። ሁለተኛዬን በዚያ ዕድሜው ይዤ ስሄድ መተላለፊያውን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ስልኬ ቆጥሮልኛል፣ እዚህ አልጽፈውም።

ሐኪሟ ጋር ስትሄጂ የ2 ወር ክትባቷን ከ6ኛ ሳምንቷ ጀምሮ መውሰድ እንደምትችል ጠይቂ። ቶሎ ይሁን። ከክትባት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሳት ይችላል፣ ያ ደግሞ በበረራሽ ዋዜማ እንዲሆን አትፈልጊም። የኩፍኝ ክትባት ከ6 ወር በታች አይሰጥም። ስለዚህ የሚያቅፏት ሰዎች ናቸው ጋሻዋ። እናትሽን ንገሪያት፤ የሚያስለው ሰው ልጅቷን አይያዝ፣ የሚይዛት ሁሉ እጁን ይታጠብ፣ ፊቷን ማንም አይሳም። ታላቅ ጠብ ይነሳል። ይነሳ። እኔ «ሐኪሙ ነው ያለው» ብዬ ሁሉን ሐኪሙ ላይ ጥያለሁ።

ከ3 ወር በታች ላለች ልጅ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ በጤና አዳም አይደለም፣ በቤት መድኃኒትም አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ቴርሞሜትር ያዢ። የአዲስ አበባ ከፍታ ለወባ አይመችም፣ ያንን አትፍሪ። ወደ ቆላ ዘመድ ጥየቃ ልትወርጂ ካሰብሽ ግን ይህን ጉዞ ይቅርብሽ።


አያት ከገርጂ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። የልጅ ልጄ ናት ስልኩን የምትጽፍልኝ።

የምታወሩት ደስ ይላል። እኔ አራት የልጅ ልጅ ከአሜሪካ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ሲመጡ ሦስት ሻንጣ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፣ ሁሉም እዚህ አለ። የሌለው እንቅልፍ ነው። ልጄ፣ እንደገባሽ እንግዳ አታስተናግጂ። ልጅሽን ለእናትሽ ስጪና ተኚ። እናትሽ ስትወልድሽ ማንም አላስተማራትም።

ማታ ማታ ይበርዳል፣ ጋቢ እናለብሳታለን። ቀን ፀሐዩ ይከብዳል፣ ጨቅላ አይችለውም። ለቁርጠቷ ደግሞ ጤና አዳም በሞቀ ውሃ ጠብ ማድረግ አይከፋም፣ እኛ በዚያ ነው ያሳደግናችሁ።


እማ ሁለት

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእንቅልፉን ነገር ከሁላችንም በላይ እርስዎ ነገሯት። ይቅርታዎን ግን ጤና አዳሙን ለእኛ ቡና ያቆዩልን። ከ6 ወር በፊት ውሃም ቢሆን አይሰጥም ብለውናል፤ ማር፣ ቅቤ፣ ምንም። እናቴን በዚህ ጉዳይ ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም ስትቆጣ ታነሳዋለች።


አያት ከገርጂ

እሺ ልጄ። ዘመኑ የናንተ ነው። ለቡናው ግን እዘዢኝ።


አዲሷ እናት

ሰላም በድጋሚ። አዲስ አበባ ነኝ። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች፣ እናቴ በእግሯ ጣት እየሄደች ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ በዚያ ሁሉ ጫጫታ የተኛችውን ልጅ እዚህ ዶሮ እንዳይቀሰቅሳት ተፈርቷል።

ልንገራችሁ ብዬ ነው። ደለስ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የልጅቷ ቪዛ?» ነው። ወረቀቱን ስዘረጋላቸው እንዴት እንደኮራሁ። ያለ እማ ሁለት ያን ቀን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሼ ነበር። የአባትየውን ደብዳቤ ማንም አልጠየቀኝም።

የሰው ዕቃ እምቢ አልኩ። ከአምስቱ አራቱን። አምስተኛዋ የክርስትና እናቷ ናት፣ ለሷ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ነጭ ቀሚስ ለልጄ ራሷ የላከችው ነው። ሦስቱ ባለቤቴ ጋ ደውለው አስረክበውታል፣ እሱ አሁን ሁለተኛ ሻንጣ ሊገዛ ነው። አንዷ ተቀይማኛለች።

ስንነሳ 10 ደቂቃ አለቀሰች፣ ጠባች፣ ተኛች። ባሲኔቱ ላይ ሁለት ጊዜ በንውጽውጽታ አንስቻታለሁ። «ሆስተስ ነበርኩ»፣ ያልሽው እውነት ነው፣ ስናርፍ ጭራሽ አልነቃችም፤ እኔ ጡቴን አዘጋጅቼ ስጠብቅ እሷ እያንኮራፋች ነበር።

ሽንት ቤት ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ያዙልኝ። ስመለስ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ኋላ ሦስት ረድፍ ሄደው ለእህታቸው እያሳዩአት ነው። «አፍንጫዋ የማን ነው?» እያሉ ይከራከራሉ። አባቷን አይተውት አያውቁም።

ቦሌ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ማንም ሳልጠይቅ «ሕፃን ይዛለች፣ አሳልፏት» እያሉ እጅ በእጅ ወደፊት ገፉኝ። ዳይፐር 9 ተጠቀምኩ፣ ጥቁር ካናቴራውም ሥራ ላይ ውሏል።

አሁን የመልሱ ጭንቀት ጀምሯል። ያ ነዳጅ የሚሞላበት ማረፊያ፣ ከዚያ ደለስ፣ ከዚያ ጆሮ። ባለቤቴ አብሮኝ ስለሚመለስ እጅ ይጨምርልኛል ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ግን እናቴ ከጓዳ 4 ኪሎ በርበሬና 3 ኪሎ ሽሮ አምጥታ «ይሄ ትንሽ ዕቃ ነው» አለችኝ። ምን ልበላት?


እማ ሁለት

ልጅሽን ሳሚልኝ። እግሯን ብቻ።

በርበሬው በሁለት ፌስታል ታስሮ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ሽሮውም እንዲሁ። የእጅ ቦርሳሽ አጠገብ እንዳይደርስ። ካልገባ ባልሽ ይሸከመው።